ማማ ሮዛ የለችም

ከጀልባ መቆሚያው ሃምሳ እርምጃ አልፎ፣
ከዋርካው ጥላ ሥር በቀርከሃ ታቅፎ፣
አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ የጡብ ምድጃ፣
በፀሐይ የሳሳ የበር መጋረጃ።
«ማማ ሮዛ» ይላል ሰሌዳው በቀይ፣
መልኳም ተሥሎበታል ከጽሑፉ በላይ፤
ጉንጯ እንደ ቲማቲም፣ ሽርጧ እንደ ወተት፣
ሳቋም የሚመስል የድሮ ጎረቤት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዘጌ መልሼ፣
ከክብራን፣ ከእንጦስ ማዕበሉን ጥሼ፣
«ጉማሬው የታለ?» ብሎ ያኮረፈውን፣
የጫማው ሶል ጭቃ ውስጥ የቀረበትን፣
ጢስ ዓባይ ድረስ ሄዶ ጢሱን ያጣውን
(ውኃው ለመብራት ኃይል ቧንቧ ውስጥ ገብቶ፣
ከገደሉ ጫፍ ላይ አንድ ክር ተርፎ ቀርቶ፣
እንደ ፓስታ ቀጥኖ ሲንጠባጠብ ያየውን)፣
ሁሉን እዚህ በር ላይ «ደህና ዋሉ» ብዬ፣
ከዋርካው ሥር ነበር የኔ መቀመጫዬ።
ድርሻዬ ቢመጣ፣ ዞሮ በጓሮ፣
አንድ ጭልፋ ስጎ በፌስታል ተቋጥሮ።

«ማማ ሮዛስ?» ሲሉት አስተናጋጁ አጉማስ
«ሮም ናት» ይላል ሁሌ፣ «ሰኞ ነው የምትደርስ።»
ስንት ሰኞ አለፈ፤ ሮዛ ግን አልመጣች፤
ዝናብ እያጠባት ሰሌዳው ላይ ነጣች።

ዘንድሮ መንገዱን ክፉ ወሬ በላው፤
አውሮፕላኑም መጣ ባዶውን፣ እንዲያው።
ጀልባዬ በገመድ አርባ ቀን ታሰረች፤
እንቦጭ ጎኗን ይዟት መስክ መስላ አደረች።

ማክሰኞ ቀትር ላይ የጓዳው በር ተከፍቶ፣
ድምፅ ወጣ፦ «እናንተ! ስጎው ሊቀር ተበላሽቶ!
ቲማቲሙ በስሏል፣ ሊጡም ተዳምጧል፤
ለማን ብዬ ላብርደው? ግቡ፣ ወንበር ሞልቷል።»

ገባን፤ ባለ ታንኳ፣ ሦስት ጀልባ ነጂ፣
እንግዳ የራቀው አንድ የገዳም አስረጂ።
ከነጩ ጨርቅ ላይ እጃችን አፈረ፤
ሹካው እንደ መቅዘፊያ በባዶ ዞረ።
ፓስታው አይጠመጠም፣ እያዳለጠ ይወርዳል፤
አንማው ተቆጣ፦ «ይኸስ በመረብ ይያዛል!»

ሳቅን።

በሳቃችን መሐል ከበሩ ብቅ አለች፤
ቀጭን ናት፣ አጭር ናት፣ ሻሿን ያጠበቀች፣
ጣቶቿ ቲማቲም ልጠው የቀሉ፣
ክንዷ ላይ የምድጃ ጠባሳዎች ያሉ።
«ይታይሽ ነው ስሜ፤ የዱርቤቴ ሰው ነኝ።
ሠዓሊው ነው፣ ‹በዚህ ስም ማን ይበላል?› ያለኝ፤
ከቲማቲም ጣሳ ላይ ያያትን ቀዳ፤
ከዚያች ቀን ጀምሮ እሷ ባለቤት፣ እኔ እንግዳ።
ሮምን አላውቃትም። አዲስ አበባንም።
ፓስታውን ለመድሁት ጨርቃ ጨርቅ ክበብ ውስጥ፣
የኔ አይደለም እሱም፤
ኮሰረቱን ግና ማንም ሳይነግረኝ፣
ማንም ሳያየኝ ነው እኔው የጨመርሁኝ።»

ቀመስሁት፤ አወቅሁት፤ ያው የፌስታሉ ነው፤
ግን ሳህን ላይ ሲሆን ፊት አለው፣ እጅ አለው።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየላስሁ የበላሁት
የማን እንደሆነ ጠይቄ አላወቅሁት!
እሷን ምን ልበላት? እኔስ መች ከዚህ ራቅሁ፣
በፖስት ካርድ የድሮውን ውኃ እየሸጥሁ፣
«እንዲህ ነው ፏፏቴው» ስል ፈገግ ብዬ፣
ደረቁን ገደል በጀርባዬ ከልዬ።

«ሰሌዳውን እናውርደው» አለ አንማው፣ ሹካውን እንደያዘ።
«ተዋት» አለች፣ «ዝናብ ይጨርሳታል፤
ደግሞስ ለምጃታለሁ።»

ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል፣ ዋርካው ወፍ ሲሞላ፣
አንዲት ፈረንጅ መጣች፣ ጀርባዋ ቦርሳ አዝላ፤
ሰሌዳውን አይታ፣ ገልጣ መጋረጃውን፣
«ማማ ሮዛ?» አለች፣ እያየች ሁላችንን።
አጉማስ አፉን ከፈተ። «ሮ…» ብሎ ቆመ።
ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ሰኞ ትናንት አከተመ።
አምስታችን ዝም አልን፤ አፋችን ሞልቶ ነበር፤
አምስት ሹካ ብቻ ተነሣ ከሳህን ዳር፣
አንዱ ላይ ክር ፓስታ እየተንጠለጠለ፣
ወደ ጓዳው ዞሮ «እዚያ ናት፣ እዚያ» አለ።